ሁለት ቅኝት በአንድ ዜማ፦ የጃቫው ጋሜላን

ጋሜላን በኢንዶኔዢያ፣ በተለይ በጃቫና በባሊ፣ የሚታወቅ የሙዚቃ መሣሪያዎች ስብስብ ነው። አብዛኞቹ ከነሐስ የተሠሩና እየተመቱ የሚጫወቱ ናቸው። ዩኔስኮ በ2021 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በማዕከላዊ ጃቫ ሙሉ የሚባለው ጋሜላን ግን በእርግጥ ሁለት ስብስብ ነው። አንዱ በስሌንድሮ ይቃኛል፣ ሌላው በፔሎግ።

ስሌንድሮ 5 ድምፆች አሉት፤ ርቀታቸውም ተቀራራቢ ነው፣ በአማካይ 240 ሴንት (የድምፅ ርቀት መለኪያ) ገደማ። የፒያኖ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ስለሆነ በፒያኖ ልሞክረው ያለ ሰው የሚፈልገውን ድምፅ በሁለት ቁልፎች መሃል ነው የሚያጣው። ፔሎግ 7 ድምፆች አሉት፤ ርቀታቸው እኩል አይደለም። አንድ ዜማ ብዙውን ጊዜ ከሰባቱ በአምስቱ ላይ ያተኩራል። ደግሞ ልክ እኩል የተቃኙ ሁለት ጋሜላኖች አይገኙም።

ነሐስ እንደ ክራር ክር ጠበቅ ላላ አይደረግም፤ ቅኝቱን ለመቀየር መሞረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱን ስብስብ በማዕዘን አጠጋግተው ያስቀምጧቸዋል። ቅኝት ሲቀየር ተጫዋቹ ዞር ይላል፣ አለቀ። ሁለቱ የሚጋሩት ድምፅ ቱምቡክ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ 6 ቁጥር የሚባለው ድምፅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቀው የጥላ አሻንጉሊት ትያትር፣ ዋያንግ፣ በዱሮው ልማድ በስሌንድሮ ነበር የሚታጀበው። አሁን ሁለቱንም መጠቀም የተለመደ ነው።

ይህ ግን መፈራረቅ እንጂ መደባለቅ አይደለም። እውነተኛው ድብልቅ ባራንግ ሚሪንግ የሚሉት ነው። ነሐሱ ከስሌንድሮ ንቅንቅ አይልም። ድምፃዊቷና ረባቡ ግን በዚያው ዜማ ላይ አንዳንድ ድምፆችን ወደ ፔሎግ ያዘነብላሉ። ረባብ በደጋን የሚገዘገዝ ባለ ሁለት ክር መሣሪያ ነው። እንደ ማሲንቆ ሁሉ እሱም የጣት ማረፊያ ምልክት የለውም፤ ጣት ጆሮ ወዳዘዘው ይሄዳል። ነሐሱና ድምፁ ትንሽ ይጋጫሉ፣ ሐዘኑም ናፍቆቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ፒያኖ የለመደ ጆሮ መጀመሪያ ላይ “ከቅኝት ወጣች” ሊል ይችላል። አልወጣችም፤ ሁሉንም ድምፅ ሳይሆን የመረጠቻቸውን ብቻ ነው ያዘነበለችው።

የጃቫ ሙዚቀኞች ዜማን በቁጥር ይጽፋሉ። ለባራንግ ሚሪንግ ቁጥሩ ላይ ሰያፍ ጭረት ይጨመራል። ጭረቱ ድምፁ እንደሚያዘነብል ብቻ ይናገራል፤ ምን ያህል የሚለው ለዘፋኟ የተተወ ነው።