አጀንዳ ቀረጻ ምንድን ነው?

«ጋዜጣው አጀንዳ ቀርጾ ሕዝቡን ያሻውን አሳመነ» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ደግሞ ገጠመኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ስሕተት። የመጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው፦ አጀንዳ መቅረጽ ጓዳ ተቀምጦ መዶለት አይደለም። አንዱን ዜና የፊት ገጽ ላይ፣ ሌላውን ጥግ ላይ የሚያደርግ አዘጋጅ ሁሉ አስቦበትም ሆነ ሳያስበው ያደርገዋል። የሚያንገበግበኝ ሁለተኛው ነው፤ «አሳመነ» የሚለው።

የአጀንዳ ቀረጻ ሐሳብ የተነሣው ከማሳመን ለመለየት ነበርና። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር በርናርድ ኮኸን በ1963 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንዳስረዳው፣ ፕሬስ ሰዎች ምን ማሰብ እንዳለባቸው ሲነግር ብዙ ጊዜ አይሳካለትም፤ ስለ ምን እንዲያስቡ ሲያመለክት ግን ይሳካለታል። የመገናኛ ብዙኃን ተመራማሪዎቹ ማኮምብስ እና ሾው በ1968ቱ የአሜሪካ ምርጫ በቻፕል ሂል ከተማ ማንን እንደሚመርጡ ያልወሰኑ 100 መራጮችን ዋና የሚሉትን ጉዳይ ጠይቀው መልሱን ከዜናው ጋር ሲያስተያዩ፣ የጉዳዮቹ ቅደም ተከተል ተቀራራቢ ሆነ። አንድ ከተማ፣ 100 ሰው፤ ማን ማንን እንደመራም ይህ ብቻውን አያሳይም።

ቦይ አስቡ። ቦይ ውሃ አይፈጥርም፤ ያለውን ውሃ ወደ አንዱ ማሳ ያዞራል። እዚያ የሚበቅለው ግን ቀድሞ የተዘራው ነው፤ ገብስ የዘራ ቦዩ ስለደረሰው ስንዴ አያጭድም። ውሃ ያልደረሰው ማሳ ደግሞ ዘሩ የቱንም ያህል ምርጥ ቢሆን አፈር ውስጥ ይቀራል።

አስተያየት ሰጪው በምሳሌነት የጠቀሰው የእንግሊዙን ማንቸስተር ጋርዲያን፣ የዛሬውን ዘ ጋርዲያን፣ ነበር። ምርጫው ጥሩ ነው፤ የሚመሰክረው ግን በራሱ ላይ ነው። በማንቸስተር የምርጫ ማሻሻያ በጠየቁ ሰልፈኞች ላይ ከተፈጸመው የፒተርሉ ጭፍጨፋ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1821፣ በጥጥ ፋብሪካዎች ከተማ የተመሠረተ የክፍለ ሀገር ጋዜጣ ነው። ከ1872 ጀምሮ ለ57 ዓመታት ያዘጋጀው ሲ. ፒ. ስኮት ብሪታንያ በደቡብ አፍሪካ ከቦሮች (ከደች ዝርያ ሰፋሪዎች) ጋር ያካሄደችውን የቦር ጦርነት ተቃወመ። ውጤቱስ? ጋዜጣው አንባቢ አጣ፤ የ1900ውንም ምርጫ ጦርነቱን ያካሄደው ወገን አሸነፈ። አሳመነ የሚባለው ይህ ከሆነ ቃላችንን እንደገና እንማር።

በቀጣዩ ዓመት ግን እንግሊዛዊቷ የበጎ አድራጎት ሠራተኛ ኤሚሊ ሆብሃውስ የቦር ሴቶችና ሕፃናት በብሪታንያ ጦር ታጉረው ከሚሞቱባቸው ካምፖች ዘገባዋን ይዛ ተመለሰች፤ ጋዜጣውም ጉዳዩን አልለቀቀውም። የተቃዋሚው መሪ ካምቤል ባነርማን ድርጊቱን አረመኔያዊ ብሎ አወገዘ፣ መንግሥትም በሚሊሰንት ፎሴት የሚመራ የሴቶች አጣሪ ኮሚሽን ላከ። ማሳው ረጠበ። ከአንዱ ዘር በመንግሥት ላይ ቁጣ፣ ከሌላው ሆብሃውስን በከሃዲነት መወንጀል በቀለ። ውሃው አንድ፣ አዝመራው ሁለት። ምሳሌውን ጥቂት ልግፋውና፣ ቦዩ ራሱ ከሌላ ቦይ ይቀዳል፦ ጋዜጣው ከሆብሃውስ፣ ፓርላማው ከሁለቱም። ስኮት ራሱ ያኔ የፓርላማ አባል ነበር። ስለዚህ «ኮሚሽኑን ጋዜጣው አስላከው» የሚለኝን ሰው፣ የትኛው ጠብታ ከየት እንደመጣ በምን እንደለየ እጠይቀዋለሁ።

ሳይንስን ከፖለቲካ ያገናኘው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይደበላለቃል። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ካይም ቫይትስማን በፍላት ዘዴ ለባሩድ ሥራ የሚውል አሴቶን ያመርት ነበር፤ ስኮትም ከብሪታንያው ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ጋር አስተዋወቀው። ብሪታንያ በፍልስጤም ለአይሁድ ብሔራዊ መኖሪያ ድጋፏን የገለጸችበት የ1917ቱ የባልፎር መግለጫ ለአሴቶኑ የተሰጠ ውለታ ነው የሚለውን ተረት ያሰራጨው ሎይድ ጆርጅ በማስታወሻው ነው፤ የታሪክ ምሁራን አይቀበሉትም። አስተያየት ሰጪው ግን ተረቱን እንዳለ ወስዶ «አጀንዳ ቀረጻ ማለት ይህ ነው» ይላል። አይደለም። ጋዜጣው ጽዮናዊነትን፣ ይህን የአይሁድ መኖሪያ የሚሻውን እንቅስቃሴ፣ ደግፎ መጻፉ እውነት ነው፤ ትውውቁ ግን የተፈጸመው በአዘጋጁና በሚኒስትሩ መካከል እንጂ በጋዜጣው ዓምድ ላይ አልነበረም። ያ ደጅ መጥናት ነው፤ ለዚያም አንባቢ አያስፈልግም።