ቫይራል ማርኬቲንግ ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ ባልትና ትሸጣለች። በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ሽታው ግን ገና ከታክሲ ስትወርዱ ይቀበላችኋል። ባለፈው ዓመት ጳጉሜን ላይ ስልኳን ይዛ መጣችና «ወንድሜ፣ አንድ ቪዲዮ ሥራልኝና ቫይራል አድርግልኝ» አለችኝ። አነጋገሯ ሻይ እዘዝልኝ የምትል ያህል ቀላል ነበር።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እኛ ዘንድ «ቫይራል ሆነ» የሚባለው ብዙ ሰው አየው ለማለት ነው። ሙሽራ ኬክ ላይ ሲወድቅ፣ ሕፃን ልጅ አባቱን ሲቆጣ፣ አንድ ሰው በቴሌቪዥን ቃል ሲሳሳት ነገሩ ቫይራል ሆነ ይባላል። ማርኬቲንግ የሚለው ሲታከልበት ግን ቃሉ የሚናገረው ስለ ተመልካች ብዛት ሳይሆን ስለ አካሄድ ነው። ቫይራል ማርኬቲንግ ማለት ሰው ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ለራሱ ጉዳይ ሲጠቀም፣ ወይም ስለ እሱ የተሠራ ነገር ለራሱ ደስታ ሲያጋራ፣ በዚያው ማስታወቂያውን ለሌላ ሰው የሚያደርስበት፣ ያ ሰውም በተራው ወደ ሌላ የሚያሻግርበት የገበያ ዘዴ ነው። ስሙ ከቫይረስ መወሰዱም ለዚህ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ጉንፋን ላዛምት ብሎ ከቤቱ አይወጣም፤ ሥራውን ሲሠራ፣ ወዳጁን ሲጨብጥ ያዳርሰዋል።

በእኛው ነገር ብናየው፣ የተለመደው ማስታወቂያ ነጋሪት ነው። ገበያ መሃል ይጎሰማል፣ ድምፁ ከደረሰበት አያልፍም፣ ነገም ይሰማ ከተባለ ነገም መጎሰም አለበት። ቫይራል የሚባለው ግን ቡና ላይ የሚወራው ነው። አቦል ላይ የተነሣች ወሬ በረካ ሳይጠጣ ሦስት ቤት ታዳርሳለች፤ ለሥርጭቷም ማንም አልከፈለም።

ቃሉን ያስፋፋው የሆትሜይል ታሪክ ነው። ሳቢር ባቲያ እና ጃክ ስሚዝ የተባሉ ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1996 አንድ ድረ ገጽ ከፈቱ። በዚያን ጊዜ የኢሜይል አድራሻ በአብዛኛው የሚገኘው ከመሥሪያ ቤት፣ ከዩኒቨርሲቲ ወይም የኢንተርኔት መስመር ከሚሸጥ ድርጅት ነበር። እነሱ ግን በነጻ፣ ከየትኛውም ኮምፒውተር የሚከፈት አድራሻ ይሰጡ ጀመር። ነገሩ መልካም ነው፤ ግን ማን ያውቀዋል? ለትልቅ ማስታወቂያ የሚበቃ ገንዘብ አልነበራቸውም። ገንዘብ ካስገቡት ባለሀብቶች አንዱ ቲም ድሬፐር አንድ ሐሳብ አመጣ፦ ከዚህ የሚወጣ እያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌው ላይ «ነጻ ኢሜይልህን ከሆትሜይል ውሰድ» የሚል መስመር ይኑረው። ባለቤቶቹ መጀመሪያ አልወደዱትም፤ በሰው ደብዳቤ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ነውር መስሎ ታያቸው። በኋላ ተስማሙ።

መስመሯ እንዴት ትሠራ እንደነበር ልብ በሉ። ላኪው አልጻፋትም፤ ደብዳቤው ሲላክ ራሷ ከሥሩ ትቀመጣለች። ላኪው ስለ እናቱ ጤና ጠይቆ ይሆናል፣ የትምህርት ማስረጃ ላኩልኝ ብሎም ይሆናል። ተቀባዩ ግን ከማያምነው ነጋዴ ሳይሆን ከወንድሙ ወይም ከጓደኛው በመጣ ደብዳቤ ላይ ነው የሚያነባት። ከዚያ በላይ ደግሞ ደብዳቤው ራሱ ማስረጃ ነው፤ ይኸው ሠርቷል፣ ደርሷል። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሆትሜይል ወደ 12 ሚሊዮን ተጠቃሚ አፈራ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻም ማይክሮሶፍት በ400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። አዲስ አበባ ውስጥ ኢንተርኔት ካፌዎች ሲከፈቱ፣ የብዙዎቻችን የመጀመሪያ አድራሻ ሆትሜይል ወይም ያሁ ነበር። ወደዚያ የመራን የጋዜጣ ማስታወቂያ አልነበረም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው «አንተም አውጣና ጻፍልኝ» ያለን።

እዚህ ላይ ጥቂት ስሌት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነውና። 100 ሰዎች አንድ አገልግሎት ጀመሩ እንበል። እያንዳንዳቸው ለ10 ሰው ያሳዩታል፤ ካዩት ከ20ው አንዱ ተጠቃሚ ይሆናል። 100 ሰው 1,000 ሰው ጋ ደረሰ፣ ከዚያ 50 አዲስ ተጠቃሚ መጣ። እነዚያ 50ዎቹ 25 ያመጣሉ፣ 25ቱም 12 ወይም 13፤ እንዲህ እያለ ይጠፋል። ባለሙያዎቹ ይህንን በቁጥር 0.5 ብለው ይገልጹታል፤ አንድ ሰው በአማካይ ግማሽ ሰው ያመጣል ማለት ነው። ቁጥሩ ከ1 ካለፈ ታሪኩ ይለወጣል። 1.2 ቢሆን፣ 100ዎቹ 120፣ 120ዎቹ 144 ያመጣሉ፤ በአሥረኛው ዙር የሚመጡት አዲሶች ብቻ ከ600 ይበልጣሉ። ከ1 በላይ ለረጅም ጊዜ መዝለቅ እጅግ ብርቅ ነው፤ ያልሰማ ሰው እያለቀ ይሄዳልና። ግን 0.5ም ቢሆን ውድቀት አይደለም። ከፍለህ ያመጣኸው 100 ሰው በመጨረሻ 200 ሆነ ማለት ነው፤ የማስታወቂያ ወጪህ በግማሽ ረከሰ። ለባልትና ሱቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ሚሊዮን ሰው አየልኝ» ከሚለው ፉከራ ይልቅ ይህችን ቁጥር የሚጠይቅ ነጋዴ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ቁጥሯን ከፍ ለማድረግ ከተሞከሩት መንገዶች የድሮፕቦክስን እወደዋለሁ። ድርጅቱ ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጥ ነው። በመጀመሪያ ጊዜው የፍለጋ ማስታወቂያ ገዝቶ ነበር፤ በዓመት 99 ዶላር የሚከፍል አንድ ደንበኛ ለማምጣት ከ200 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ከዚያ ሌላ ዘዴ ያዘ፤ ጓደኛህን ከጋበዝክ ለአንተም ለእሱም ተጨማሪ ነጻ ቦታ ይሰጣል፣ በኋላ ላይ ለእያንዳንዳቸው 500 ሜጋ ባይት። ብልሃቱ «ለእሱም» የምትለዋ ላይ ናት። ለጋባዡ ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ጓደኛውን እየሸጠ ያለ ይመስለዋል፤ ያፍራል። ለሁለቱም ሲሆን ግን ግብዣ ነው፣ እንደ ጉርሻ። እ.ኤ.አ. ከ2008 መስከረም ጀምሮ በ15 ወራት ተጠቃሚው ከ100 ሺህ ወደ 4 ሚሊዮን አደገ።

ሁሉም ግን እንዲህ ከአገልግሎቱ ጋር የተሰፋ አይደለም፤ አንዳንዱ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2005 አሌክስ ቲው የተባለ የ21 ዓመት እንግሊዛዊ የዩኒቨርሲቲ ክፍያው አሳስቦት ሳለ ሚሊየን ዶላር ሆምፔጅ የሚባል አንድ ገጽ ሠራ። ገጹ በቁመትም በወርድም 1,000 ነጥብ (ፒክስል) ነው፣ በድምሩ አንድ ሚሊዮን ነጥብ፤ እያንዳንዷን ነጥብ በአንድ ዶላር ሸጠ። አንዲት ነጥብ ስለማትታይ ትንሹ ግዢ 10 በ10 ነበር፣ 100 ዶላር። ስክሪን ላይ የጤፍ ባይባልም የምስር ፍሬ ብታክል ነው። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ቤተሰቡና ጓደኞቹ ነበሩ፤ በዚያ ገንዘብ ለጋዜጠኞች መግለጫ አስወጣ፣ ወሬው ተነሣ። እ.ኤ.አ. ጥር 2006 የቀሩትን 1,000 ነጥቦች በጨረታ በ38,100 ዶላር ሸጠና ጠቅላላ ገቢው 1,037,100 ዶላር ደረሰ።

ሰው ለምን ገዛ? ገጹ አስቀያሚና ዥንጉርጉር ነው። ነገር ግን ቦታ የገዛ ሁሉ የራሱ ቦታ እንዲታይለት ገጹን ለሰው ያወራል፤ ብዙ ሰው ባየው ቁጥር የእሱ 100 ዶላር ዋጋ ይጨምራል። ገዢው ሁሉ ሳይቀጠር አስተዋዋቂ ሆነ። ወዲያው ብዙ ሰው ተመሳሳይ ገጽ ከፈተ፤ የዋናውን ያህል የሸጠ አልነበረም። ሰዎቹ የገዙት ነጥብ ሳይሆን ወሬ ነበር፤ ሁለተኛ ሰው ሲያወራው ደግሞ ወሬ ወሬ አይሆንም። ገጹ ለዓመታት ሳይዘጋ ቆይቷል፤ ብትጫኑት ግን ብዙዎቹ ነጥቦች የትም አያደርሱም፣ የሚያመሩባቸው ገጾች ከተዘጉ ቆዩ።

ጨዋታውንና ዕቃውን አንድ ያደረገው ደግሞ አሜሪካ ዩታ ውስጥ ያለው የብሌንደር ፋብሪካ ብሌንድቴክ ነው። መሥራቹ ቶም ዲክሰን ማሽኑን የሚፈትነው እንጨት እየከተተበት ነበር። እ.ኤ.አ. 2006 የገበያ ክፍሉ ኃላፊ ይህን አይቶ፣ ወደ 50 ዶላር በሚሆን ወጪ የመጀመሪያዎቹን ቪዲዮዎች ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ ጫነ። አዛውንቱ ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ መነጽር አድርገው፣ ብይ ከተው ያስፈጫሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አይፎን። ሰው የሚያጋራው ለመሳቅ ነው። ግን ሳቁ ከማሽኑ አይነጠልም፤ ብይ ከፈጨ የእኔን ካሮት አያቅተውም ብሎ ያስባል። የሙሽራውና የኬኩ ቪዲዮ ሥር የሱቅ ስም ቢጻፍ ግን ሰው ሙሽራውን ያስታውሳል፣ ሱቁን አያስታውስም።

መንገዱ ለሌባም ክፍት ነው። «ለ15 ሰው ካጋሩ ነጻ ዳታ ያገኛሉ» የሚል ሊንክ ያልደረሰው አለ? አክስቴ በሳምንት ሁለት ትልክልኛለች፣ ከምርቃት ጋር። ገጹን ስትከፍቱት መሙያ መስመር አለው፤ ባጋራችሁ ቁጥር ይሞላል። አንድ ቀን ለማንም ሳልልክ ደጋግሜ ነካሁት፤ እንዲያውም ሞላ። ማን ጋ እንደተላከ የሚቆጥር ነገር የለውም፤ የሚፈልገው ስልክ ቁጥራችሁንና ዘመዶቻችሁን ነው። በፊት በወረቀት ይመጣ የነበረው «ይህን ጽሑፍ ገልብጠህ ካልበተንክ መዓት ይደርስብሃል» የሚለው ደብዳቤም አካሄዱ ይኸው ነበር፤ ያኛው ያስፈራራ ነበር፣ ይህኛው ያጓጓል። ሰው እያስመዘገባችሁ ካስመዘገባችሁት ገንዘብ ላይ ድርሻ የሚሰጣችሁ ነገርም ከቫይራል ማርኬቲንግ አይቆጠርም። እዚያ ዕቃው ሰበብ ነው፤ የሚሸጠው ቀጥሎ የሚገባው ሰው ነው።

ወደ ባልትናዋ ልመለስ። ቪዲዮውን ተይውና ሰው ሳትለምኚው ከአንቺ የሚጠይቅሽ ምንድን ነው አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ነነዌ መቼ ይገባል ይሉኛል» አለች። እውነቷን ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1፤ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና የሐዋርያት ጾም ግን በየዓመቱ ይዘዋወራሉ፤ ሽሮ የሚያስፈጭ ሰው ደግሞ ጾሙ ሳይገባ ማወቅ አለበት። እኛም የዓመቱን አጽዋማት በአንዲት ስልክ የምትመጥን ምስል ላይ ጻፍንና፣ ረቡዕና ዓርብ የማይጾምበትን በዓለ ሃምሳ ጭምር ለይተን፣ ከግርጌው የሱቁን ስምና ስልክ አድርገን ለ60 ደንበኞቿ በቴሌግራም ላክን። ድርጅቶች ለእንቁጣጣሽ የሚያድሉት የግድግዳ ካላንደር ማለት ነው፤ ይህ ግን ሚስማሩን ነቅሎ ጎረቤት ቤት ይሄዳል።

ሄደም። ኅዳር ላይ አንዲት የማኅበር ጓደኛዋ ያንኑ ምስል መልሳ ላከችላት፣ «ለአንቺ ይጠቅምሻል» ብላ። ግርጌው ተቆርጧል። የሱቁ ስም የለም፣ ስልኩም የለም። በሳምንቱ በሌላ መንገድ ሲመጣ ደግሞ የሌላ ሱቅ ስልክ ተለጥፎበታል። የአክስቴ ልጅ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

የሆትሜይሏ መስመር ከደብዳቤው ተነጥላ የማትሄድ ነበረች፤ የእኛዋ በመቀስ የምትቀር ሆነች። ነነዌ ሳይገባ እንደገና ሠራነው። ስሟን በደብዛዛ ቀለም ከቀኖቹ ሥር አሳለፍነው፤ በየጾሙ ረድፍ ላይ ደግሞ ምን እንደሚዘጋጅ በእሷ አነጋገር ጻፍን፦ ለዐቢይ ጾም 55 ቀን ስንት ኪሎ ሽሮ ለስንት ሰው እንደሚበቃ፣ ስልጆ መቼ እንደሚጣል፣ ለፋሲካ የዶሮው በርበሬ መቼ መታዘዝ እንዳለበት፤ በእያንዳንዱ ላይ የሱቋ ስም አለ። ስሟን የሚቆርጥ ጾሙንም ይቆርጣል።

የካቲት ላይ አንዲት ሴት ከሐዋሳ ደውላ አምስት ኪሎ ምጥን ሽሮ አዘዘች። ካላንደሩን ከየት አገኘሽው ስትባል ዱባይ ያለች እህቷ እንደላከችላት ነገረቻት። ሱቁ ግን የት ከተማ እንዳለ አታውቅም ነበር።