ጠጥቶ መንዳት፦ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

ድግስ ሲያልቅ መኪና ማቆሚያ ላይ የሚባለውን እናውቀዋለን። «ኧረ ምንም አልሆንኩም!» ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ያው ነው። ብዙዎቻችን ስለ ዲዩአይ (ጠጥቶ የመንዳት ክስ) የምናውቀው እዚያው ቆመን የሰማነውን ነው። አብዛኛው ደግሞ ልክ አይደለም። መንጃ ፈቃዱ እንጀራው ለሆነ ሰው ይህ ስህተት ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

«በደንብ በልቻለሁ፣ ደግሞ ተኝቼ ተነስቼ ነው የምነዳው»

ምግብ አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ አልኮሉን አያጠፋውም። የሚያስወግደው በዋናነት ጉበት ነው፤ እሱም በደም ውስጥ ያለውን የአልኮል መጠን (በመቶኛ የሚለካውን) በሰዓት በአማካይ 0.015 ያህል ብቻ ይቀንሳል። ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም አያፋጥኑትም። አስቡት፦ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 0.12 ሆኖ የተኛ ሰው፣ ለኤርፖርት ሥራ 12 ሰዓት ሲነሳ ገና 0.075 አካባቢ ነው። ፊቱን ታጥቧል፣ ነቅቷል፣ ግን ሜሪላንድ ውስጥ ሊከሰስ ይችላል።

«ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት፣ 0.08 አልደርስም»

ሁለት ምን? አሜሪካ ውስጥ አንድ መጠጥ የሚባለው 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለው ነው፤ 5 በመቶ የሆነ ባለ 12 አውንስ ቢራ ማለት ነው። የቤት ጠጅ ግን ጥንካሬው አይታወቅም፤ ብርሌው ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

ከተለመደው ሕጋዊ ገደብ፣ ከ0.08 በታች መሆንም ዋስትና አይደለም። ሜሪላንድ ከ0.07 ጀምሮ ቀለል ያለ ግን ራሱን የቻለ ክስ አላት። የንግድ መንጃ ፈቃድ ይዞ ትልቅ መኪና ለሚነዳ ገደቡ 0.04 ነው፤ ከ21 ዓመት በታች ላሉ ልጆቻችን ደግሞ 0.02። ማሪዋና በሁለቱም ስቴቶች ቢፈቀድም፣ በሱ ተጽዕኖ ሥር ሆኖ መንዳት ወንጀል ነው።

«ማስቲካ ካኘክሁ አይታወቅብኝም»

ፖሊስ «ንፉ» የሚላችሁ መሣሪያ የሚለካው ከሳንባ ጥልቅ የሚመጣውን አየር ነው። ማስቲካ ሽታ ይሸፍን ይሆናል፣ ቁጥሩን ግን አይቀንስም።

«አልነፋም ካልኩ ማስረጃ የላቸውም»

ብዙ ሰው የሚጎዳው ይሄኛው ነው። መጀመሪያ፣ ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው። መንገድ ላይ በትንሿ መሣሪያ የሚደረገውን እምቢ ማለት ይቻላል፤ እምቢታችሁም ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብባችሁም። ከታሰራችሁ በኋላ የሚደረገው ግን ሌላ ነው። በእነዚህ ስቴቶች መንገድ ላይ መንዳታችሁ ብቻ ለዚህ ምርመራ እንደተስማማችሁ ያስቆጥራል።

ሜሪላንድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፍቶ ከ0.08 እስከ 0.14 የተገኘበት ሰው መንጃ ፈቃዱ 180 ቀን ይታገዳል። እምቢ ያለው ግን 270 ቀን። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያ እምቢታ ብቻውን፣ ከዲዩአዩ ተለይቶ፣ የአንድ ዓመት እገዳ ያመጣል። ማስረጃም አይጠፋም፤ ቪዲዮ አለ፣ የፖሊሱ ምስክርነት አለ፣ ከዳኛ ትእዛዝ አውጥቶ ደም ማስቀዳትም ይቻላል። ስለዚህ ፖሊሱ ስለ ምርመራው የሚያነብላችሁ ወረቀት ካልገባችሁ ዝም ብላችሁ ራስ አትነቅንቁ። «አልገባኝም» በሉ።

«መኪና ውስጥ ብተኛ ማን ይነካኛል»

እንዲህ የሚያስበው ሰው ኃላፊነት የተሰማው ሰው ነው፤ ለዚህም ነው ጉዳዩ የሚያሳዝነው። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 2012 ላይ ቁርጡን ተናግሯል፦ ሰክሮ በሕዝብ መንገድ ላይ ሹፌር ወንበር የተቀመጠ፣ ቁልፉም ማስነሻው ላይ ያለ ሰው መኪናውን እንደሚቆጣጠር ይቆጠራል። ተከሳሹ የተገኘው ሬዲዮ ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። መተኛት ካለባችሁ የሰው ቤት ሶፋ ይሻላል።

«የመጀመሪያዬ ስለሆነ በገንዘብ ያልፋል»

ቨርጂኒያ ውስጥ የመጀመሪያው ዲዩአይ እስከ 12 ወር ሊያሳስር ይችላል፤ ቅጣቱም ቢያንስ 250 ዶላር ነው። ቁጥሩ 0.15 ከደረሰ 5 ቀን፣ ከ0.20 ካለፈ 10 ቀን እስር ግዴታ ነው። መንጃ ፈቃድም ለአንድ ዓመት ይሄዳል።

ከዚያ ኢንተርሎክ አለ፤ ካልነፋችሁበት መኪናውን የማያስነሳ መሣሪያ ነው። እየነዳችሁም ድምፅ አሰምቶ እንደገና ንፉ ይላል፤ ከኋላ ልጆቻችሁ ቢቀመጡም። ሜሪላንድ ይህን ሕግ ያጠበቀችው የሞንትጎመሪ ካውንቲው ወጣት ፖሊስ ኖዋ ሊዮታ 2015 መጨረሻ ላይ ሰካራም ሹፌሮችን በመቆጣጠር ሥራ ላይ እያለ በሰከረ ሹፌር ተገጭቶ ከሞተ በኋላ ነው። ሕጉ በስሙ ይጠራል።

«ግሪን ካርዴን ወዲያው ይነጥቁኛል»

ተራ ዲዩአይ ብቻውን በቀጥታ ከአገር አያስባርርም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 2004 ላይ እንዲህ ያለው ጥፋት «የኃይል ወንጀል» እንዳልሆነ ወስኗል። ዜግነት ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ከ2019ኙ የአሜሪካ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ውሳኔ ወዲህ፣ ብዙ ጊዜ 5 ዓመት በሆነው የመመዘኛ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ይገመታል፤ ማስተባበል የሱ ፋንታ ነው። ማመልከቻው የተዘጋ ክስንም ይጠይቃል፤ መደበቅ ከዲዩአዩ የባሰ ጣጣ ያመጣል። አደንዛዥ ዕፅ ወይም መኪናው ውስጥ ሕፃን ካለበትም ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ስለዚህ «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለታችሁ በፊት ዜጋ አለመሆናችሁን ለጠበቃችሁ ንገሩ። ከ2010 ጀምሮ የወንጀል ጠበቃ ጥፋተኝነቱ ከአገር ሊያስባርር እንደሚችል የማማከር ግዴታ አለበት።