የካሉብ ጋዝና የተፈራረቁት መንግሥታት

የካሉብ ጋዝ ሦስት መንግሥት ሸኝቷል። አራተኛው ላይ ነው የወጣው።

የጋዝ ቦታዎቹ ካሉብና ሂላላ የሚገኙት በሶማሌ ክልል፣ በኦጋዴን ነው። ካሉብ ላይ ጋዝ ያገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ የሶማሊያ ጦርነት ተከተለ፤ ቴኔኮም ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። በቦታው ሶቪየቶች ገብተው ቆፈሩ፤ 1991 ላይ ደርግም ሶቪየት ኅብረትም አበቃላቸው።

ጋዝ እንደ ቡና በጆንያ ተሞልቶ በመኪና አይጫንም። ወይ ቧንቧ ይፈልጋል ወይ አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ የሚለውጠው ፋብሪካ፣ ሁለቱም ቢሊዮን ዶላር የሚበሉ ናቸው፣ አበዳሪ ደግሞ ዛሬ የፈረመው መንግሥት ቢወርድ ተተኪው ውሉን ያከብራል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ የመንግሥት ለውጥ በደንብ የሚጎዳው ቧንቧው ሳይዘረጋ ነው። ከተዘረጋ በኋላ ማንም በቀላሉ አይለቅም።

በኢሕአዴግ ጊዜ የማሌዥያው ፔትሮናስ ገብቶ ወጣ። በ2007 ኦብነግ (የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር) አቦሌ በተባለው የነዳጅ ፍለጋ ቦታ ላይ ባደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። በ2013 የቻይናው ኩባንያ ፖሊ ጂሲኤል ጋዙን ለማልማት ተፈራረመ።

የ2018ቱ ለውጥ ግን ከቀድሞዎቹ ይለያል። አዲሱ አመራር የኢሕአዴግን ውል አልቀደደም፤ እንዲያውም ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ በዚያው ዓመት ሰኔ የድፍድፍ ነዳጅ የሙከራ ምርት አስጀመሩ፣ በጥቅምት ከኦብነግ ጋር አስመራ ላይ እርቅ ወረደ፣ በ2019 ደግሞ ወደ ጅቡቲ ለሚዘረጋ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ ከጅቡቲ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ሰላሙም ፊርማውም ነበር፤ ቧንቧው ግን አልመጣም። በ2022 የማዕድን ሚኒስቴር ኩባንያው አልቻለም ብሎ ውሉን አቋረጠ። አንዳንዶች ይህንን ፖለቲካ ያደርጉታል፤ ለእኔ ግን የገንዘብ ጉዳይ ይመስለኛል።

ጥቅምት 2025 የካሉብ የመጀመሪያው ምዕራፍ ከፖሊ ጂሲኤል ባለድርሻዎች አንዱ በሆነው በጂሲኤል አማካይነት ተመረቀ፤ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያመርት ነው። በዚያው ሰሞን ጎዴ ላይ የዳንጎቴ ማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፣ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ሊያመርት ታስቦ፣ ከእኛው ጋዝ። ለውጭ ገበያ የተጠነሰሰው ፕሮጀክት እንዲህ ፊቱን ወደ አገር ውስጥ አዙሯል፤ ይህ ደግሞ ለገበሬው ከጅቡቲው ቧንቧ የቀረበ ነው።