«ልጄ፣ አንድ መርፌ ብቻ»

ነርስ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ደሴ ውስጥ ይህ አይደበቅም። መሸት ሲል በር ይንኳኳል። ጎረቤት ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን የአንቲባዮቲክ መርፌና ስሪንጅ በፌስታል ይዛ ቆማለች። «ሲስተር፣ የኔ ልጅ፣ አንድ መርፌ ብቻ። በዚህ ብርድ ጤና ጣቢያ ልውጣ?» ታሳዝናለች። እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ይመስላል።

በእሷ አልፈርድም። የሚያናድዱኝ ባልደረቦቼ ናቸው። «ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ ለጎረቤት ነው፤ ሕግ ምን አገባው?» ይላሉ። ይህን ከአዲስ ምሩቅም ሃያ ዓመት ከሠራም ሰምቻለሁ። ሰለቸኝ።

እኔም ድሮ እንዲሁ አስብ ነበር። ሆጤ ተከራይቼ ስኖር ለአንዲት የጎረቤት ልጅ ወጋሁ። ሁለቱን ጤና ጣቢያ ተወግታለች፣ ምንም አልሆነችም። ሦስተኛው ምን ያመጣል ብዬ ነው። (ያመጣል። አለርጂ መጀመሪያ ቀን ካልታየ አይመጣም ያለው ማነው?) አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሿ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። እንዲህ ላለ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን የለኝ፣ ኦክስጅን የለኝ። ባጃጅ አስቁመን ሮጥን። ተረፈች።

ባትተርፍስ? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ ይቀጣል። አጥፊው እንደ ሐኪም ወይም እንደ ሾፌር ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ካለበት ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ነው፣ መቀጮም አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቁጥር 2031 ላይ ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል። ሁለቱም ጋ «በነጻ ከሆነ ይቅር» የሚል ቃል የለም። ያለ አድሬናሊን መውጋት ደግሞ ከየትኛው የሙያ ደንብ ጋር ይሄዳል?

«እምቢ ካልኩስ እከሰሳለሁ» የሚሉም አሉ። የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 537 በጆሮ ሰምተው ነው። አንቀጹ የሚቀጣው ከባድ ችግር ላይ ያለን ሰው ያለ በቂ ምክንያት መርዳት እምቢ ያለውን የጤና ባለሙያ ነው። ጎረቤትን ከነመድኃኒቷ ጤና ጣቢያ መላክ እምቢታ አይደለም። እኔ አሁን ጋቢ ደርቤ አብሬ እሄዳለሁ። አንዷ ተቀይማ ሁለት ሳምንት ቡና አልጠራችኝም። ይሁን።

ባልደረቦቼ የሚሏቸውን ሌሎቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ዲግሪ አለኝ፣ በቃ።» ዲግሪ መማርሽን ነው የሚናገረው። ለመሥራት የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ማከም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 535 ወንጀል ነው።

«ፈቃድ አንዴ ከወጣ ወጣ።» ይታደሳል። ለማሳደስ በዓመት 30 የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ስልጠና) ነጥብ ይፈለጋል። ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ስልጠና ፍለጋ መሯሯጥ የኛ በሽታ ነው።

«የታካሚን ሚስጥር ለዘመድ ብነግር ምን አለበት?» የሙያ ሚስጥር ማውጣትን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ነርስን በስም ይጠቅሳል። በተለይ ደሴ፣ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ፣ አፍን መያዝ ነው።

«ሐኪሙ ነው ያዘዘው፣ እኔ ምን አገባኝ?» ሦስት ኪሎ ለሚመዝን ጨቅላ 150 ሚሊግራም ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዞ አይቻለሁ። 15 ለማለት ነው። አንዱ አምፑል 80 ነው። ለጨቅላ ሁለተኛ አምፑል ልትሰብሪ ስትይ እጅሽ ካልቆመ፣ ኩላሊትና ጆሮ የሚጎዳውን መድኃኒት የሰጠሽው አንቺ ነሽ። ደውለሽ ጠይቂ። ሐኪሙ ቢቆጣም ጠይቂ።

የመጨረሻው፦ «የሠራሁትን ካርድ ላይ ብጽፈው ይያዝብኛል።» ተገላቢጦሹ ነው። አንዲት ባልደረባዬ ላይ «ታካሚዋን ሌሊቱን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ አላያትም» የሚል አቤቱታ ቀርቦ ነበር። ባልደረባዬን ያዳናት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የጻፈችው የደም ግፊት ልኬት ነው፣ ከነፊርማዋ። ጽሑፏ እንደ ዶሮ ጭረት ነው። ኮሚቴው ለማንበብ እሷኑ ጠራት።