የሴሮቶኒን አጓጓዥና የድባቴ መድኃኒቶች

ሁለት የነርቭ ሕዋሳት በሚገናኙበት ቦታ 20 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ክፍተት አለ፤ መልእክቱ የሚሻገረው በኬሚካል ነው። ከእነዚህ መልእክተኛ ኬሚካሎች አንዱ የሆነው ሴሮቶኒን ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከክፍተቱ ካልተነሣ መልእክቱ ማብቂያ ያጣል። ለቅሞ ወደ ላኪው ሕዋስ የሚመልሰው ሰርት የተባለው አጓጓዥ ፕሮቲን ነው።

ሰርት 630 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ የሕዋሱን ሽፋን 12 ጊዜ አቋርጦ የሚያልፍ ሰንሰለት ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው ከሶዲየም ነው፤ ሶዲየም ከሕዋሱ ውጭ ስለሚበዛ ወደ ውስጥ ሲገባ ሴሮቶኒኑን ይዞት ይገባል። ክሎራይድም ይከተላል፤ ባዶው ፕሮቲን ፊቱን ወደ ውጭ እንዲመልስ ፖታሲየም ያግዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው የሰው ሰርት ቅርጽ ፓሮክሰቲን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ወደ ውጭ በተከፈተው አፍ ውስጥ ተሸጉጦ ፕሮቲኑን እንደሚያግደው አሳይቷል።

መድኃኒቱ ግን ከማብራሪያው ቀድሟል። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን ድባቴን እንደሚያሻሽል በ1957 ሲዘግብ ምክንያቱ ገና አልታወቀም ነበር። የነርቭ ጫፎች ሌላውን መልእክተኛ ኬሚካል ኖርአድሬናሊንን መልሰው እንደሚወስዱ ያሳየው ጁሊየስ አክስልሮድ በ1970 ኖቤል ተሸለመ።

ታካሚን የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ሰርት በሰዓታት ውስጥ ይታገዳል፤ ስሜት በግልጽ የሚሻሻለው ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። አንዱ አሳማኝ ማብራሪያ እንዲህ ይላል፦ ሴሮቶኒን ሲበዛ ላኪው ሕዋስ በራሱ ተቀባዮች ያውቅና ሥራውን ይቀንሳል፤ እነዚህ ተቀባዮች እስኪደነዝዙ ሳምንታት ይፈጃል። ማቅለሽለሽ ግን ቀድሞ ይመጣል። በአሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የሚያቆም ሰው ጉዳቱን አይቶ ጥቅሙን ሳያይ ይቀራል።

መጠን መጨመርም ወሰን አለው። በተለመደው መነሻ መጠን፣ ለምሳሌ በቀን 20 ሚ.ግ ፍሉኦክሰቲን፣ 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው ሰርት ተይዟል፤ መጠኑን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ሰርት አጋጆች ከሞኖአሚን ኦክሲዴዝ አጋጆች (ሴሮቶኒንን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ከሚያግዱ መድኃኒቶች) ጋር ከተወሰዱ ሴሮቶኒን ከልክ አልፎ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና የጡንቻ መገተር ያስከትላል፤ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ከእሱ ወደ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ አጋጆች ለመሻገር 5 ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው። ትራማዶልም ከሰርት አጋጆች ጋር አደጋ አለው፤ ለሕመም ማስታገሻ ተብሎ በቀላሉ ስለሚወሰድ ይዘነጋል። ፓሮክሰቲንን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ማዞርና ኤሌክትሪክ የነካው ዓይነት ስሜት ያመጣል። አሚትሪፕቲሊን በኢትዮጵያ የተለመደ የድባቴ መድኃኒት ነው፤ ሰርትንና የኖርአድሬናሊን አጓጓዥን አብሮ ያግዳል፤ ከመጠን በላይ ከተወሰደ ግን የልብን ምት ያናጋል።

ዶፓሚን የተባለው መልእክተኛ ኬሚካልም የራሱ አጓጓዥ አለው፤ ይህን አጓጓዥ ጫት ቃሚ ሳያውቀው ያውቀዋል። በለጋ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን አጓጓዡን ወደ ኋላ ያስኬደዋል፤ ዶፓሚን መመለሱ ቀርቶ ወደ ክፍተቱ ይፈስሳል። ምርቃናው አንድም ከዚህ ነው። የሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያለያይ የአእምሮ ሕመም) መድኃኒቶች የዶፓሚን ተቀባይን ስለሚዘጉ፣ መድኃኒቱን እየወሰደ የሚቅም ሰው አንዱ የዘጋውን በሌላው እየገፋ ነው።