ፍልስፍና ስለሚማር ልጅ የሚባለውና እውነታው

የፍሬሽማን ዓመት አልቆ ዲፓርትመንት ሲመረጥ ኢኮኖሚክስ የሞላውን ልጅ ማንም «ለምን?» አይለውም። ፍልስፍናን ከፊት ያስቀመጠው ግን ከጓደኛውም ከዘመዱም ይጠየቃል። የሚባለው ነገር ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም። አብዛኛው ስሕተት ነው፤ ስለ ሥራ የሚባለው ግን ግማሽ እውነት አለበት።

«ፍልስፍና ያነበበ ያብዳል»

ለዚህ ምስክር ሆኖ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ጀርመናዊው ፈላስፋ ኒቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ቱሪን ከተማ ውስጥ አእምሮው መታወኩ እውነት ነው። ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚከራከሩት ግን በሽታው ምን ነበር በሚለው ላይ እንጂ በጻፋቸው መጻሕፍት ላይ አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል በዚሁ ሙያ ሆኖ እስከ 97 ዓመቱ ኖሯል፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሲጽፍና ሲሟገት ነበር። (የእኔም ራስል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ከአንድ ሰው ተነስቶ ስለ ሁሉም መደምደም ሎጂክ ክፍል ውስጥ በስሕተትነት የሚመዘገብ ነገር ነው።)

«ሃይማኖቱን ይክዳል»

የሚክድ አለ፤ የሚጠነክርም አለ። ትምህርቱ ራሱ ግን ወደ አንዱ አይገፋም። ተማሪው ከሚያነባቸው ውስጥ አውግስጢኖስ፣ ቶማስ አኩዊናስና አል-ጋዛሊ አሉ፤ ሦስቱም አማኞች ናቸው። የእኛውን ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብን (ንጉሡን አይደለም) ብንወስድ፣ በሱስንዮስ ዘመን ተከስሶ ከአክሱም ሲሸሽ የያዘው ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ነው። ዋሻ ውስጥ ሆኖ እየጸለየ ነው የጠየቀው፦ ሁሉም «የእኔ እምነት ነው ትክክለኛው» ካለ በመካከላቸው ማን ይፈርዳል? የጾምን ሥርዓትና የምንኩስናን ሕይወት ይነቅፋል፤ ፈጣሪ መኖሩን ግን በምክንያት ይሟገትለታል። ከፍልስፍና ክፍል የሚወጣ ልጅ የሚለምደው ይህንኑ ነው፤ የማያምንበትን ወገን ክርክር እንኳ ሳያዛባ ማቅረብ ይጠበቅበታል።

«የፈረንጅ ትምህርት ነው»

ኮርሶቹ በአብዛኛው ከግሪክ ተነስተው በአውሮፓ በኩል ያልፋሉ፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ክላውድ ሳምነር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አዲስ አበባ መጥቶ ፍልስፍና ሲያስተምር ከኖረ በኋላ፣ የግዕዝ የፍልስፍና ጽሑፎችን አምስት ቅጽ አድርጎ በእንግሊዝኛ አሳትሟል። የዘርዓ ያዕቆብና የደቀ መዝሙሩ የወልደ ሕይወት ሐተታዎች ከነዚህ መካከል ናቸው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው የጠቢባን ፈላስፎች መጽሐፍም አብሮ አለ።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ሌላ ስሕተት አለ። «ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት ከዘርዓ ያዕቆብ ቀድቶ ነው» የሚል ጽሑፍ በየጊዜው ይዞራል። የዴካርት የዘዴ ድርሳን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1637 ነው፤ የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ራሱ ከሚለው ተነስቶ ሲሰላ የተጻፈው በ1667 አካባቢ ነው። ከዚያም አልፎ ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ጸሐፊው ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው ብሎ ተነሳ። ሳምነር ይህን አጥብቆ ተቃውሟል፤ ሙግቱ ዛሬም አልተዘጋም። ለእኔ እንዲያውም ለተማሪ ከዚህ የተሻለ መልመጃ የለም፤ የሚወደው መጽሐፍ ላይ የቀረበን ማስረጃ ሳይቆጣ መመርመር ይማርበታል።

«ሁሉም መልስ ልክ ነው፤ ማውራት ከቻልክ ታልፋለህ»

ይህን የሚል ሰው የሎጂክ ፈተና አልተፈተነም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንይ። «ወፍ ሁሉ ይበርራል። ሰጎን ወፍ ናት። ስለዚህ ሰጎን ትበርራለች።» ክፍሉ ይስቃል፤ «ስሕተት!» ይላል። መምህሩ ግን ክርክሩ ቫሊድ ነው ይላል፤ መነሻዎቹ እውነት ቢሆኑ ኖሮ መደምደሚያው የግድ እውነት ይሆን ነበርና። የተበላሸው የመጀመሪያው መነሻ ነው፣ ስለዚህ ሳውንድ (ቫሊድ ሆኖ መነሻዎቹም እውነት የሆኑለት) አይደለም። ቀጥሎ፦ «ዝናብ ከዘነበ አስፋልቱ ይረጥባል። አስፋልቱ ረጥቧል። ስለዚህ ዘንቧል።» አሁን ክፍሉ ይስማማል፤ ተሳስቷልም። ቧንቧ ፈንድቶ ቢሆንስ? እዚህ መነሻዎቹ ላይ ምንም እንከን የለም፤ ድምዳሜው ግን ከእነርሱ አይወጣም። እውነት መሆንና ተከትሎ መምጣት ሁለት ነገር መሆናቸው ገብቶት እስኪለምደው ድረስ ብዙ ጎበዝ ተማሪ ይቸገራል። ከዚያ ቃላቱ በምልክት ይተካሉ፤ ሒሳብ ሸሽቶ የመጣ ልጅ ያኔ ይደነግጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እንደ ሌላው ተመራቂ የመውጫ ፈተና አለበት፤ ምርጫ ፈተና ላይ አንደበት አይረዳም።

በእኔ እይታ ከሎጂኩ በላይ የሚከብደው ንባቡ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ለጀርመኖችም ቀላል አይደለም፤ የእኛ ልጅ ደግሞ በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው የሚያነበው።

«ሥራ የለውም»

ግማሽ እውነት ያልኩት ይህን ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ፍልስፍና የሚባል የትምህርት ዓይነት ስለሌላቸው የመምህርነት በር እዚያ ዝግ ነው። የሥራ ማስታወቂያም ማኔጅመንትና አካውንቲንግን እንጂ ፍልስፍናን በስም ሲጠራ እምብዛም አይታይም፤ «ተዛማጅ የትምህርት መስክ» የምትለዋን ሐረግ ፈልጎ ማመልከት ግድ ነው። በቀጥታ የሚፈለገው ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ነው። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ለናቹራልም ለሶሻልም ፍሬሽማን የግድ የሚሰጥ ኮርስ ነው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ ከ40 በላይ ናቸው። ሌክቸረር ለመሆን ግን ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል።

«ችግር የለም፣ ከዚያ ሕግ ትገባለህ»

ይህ ምክር ብዙ ጊዜ የሚመጣው አሜሪካ ካለ ዘመድ ነው፤ ለእዚያ አገር ትክክል ነው። እዚያ የሕግ ትምህርት ቤት የሚገባው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፤ ዲግሪው በምን ይሁን ብሎ የሚወስን የለም፤ ስለዚህ ፍልስፍና የታወቀ መንገድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሕግ ራሱ አምስት ዓመት የሚወስድ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ፍልስፍና ጨርሶ ጠበቃ መሆን የፈለገ ልጅ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ሕግ የሚፈልግ ከጅምሩ ሕግ ይሙላ፤ ሎጂኩን እንደሆነ ፍሬሽማን ላይ አግኝቶታል።